እናቴ የዜግነት ፈተናዋን በአማርኛ አለፈች፤ ድምፅ መስጫው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው

የእማዬ_ልጅ (ክላርክስተን፣ ጆርጂያ) ኦክቶበር 12፣ 2022

እንዴት ናችሁ? እኔ እዚህ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ በፋሲካ ሰሞን ዜግነቷን ወሰደች። ዕድሜዋ ከ55 በላይ ስለሆነና ግሪን ካርድ ከያዘች 16 ዓመት ስለሞላት የእንግሊዝኛው ፈተና ቀረላት። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ነው የመለሰችው። «ሴናተር ለስንት ዓመት ነው የሚመረጠው?» ሲሏት «ለስድስት» አለች። ቀጥላ «ብዙ ነው» አለች። አስተርጓሚው ሁለተኛውን አልተረጎመውም።

ኖቬምበር 8 የመጀመሪያ ምርጫዋ ነው። ተመዝግባለች። ትናንት ማታ የድምፅ መስጫውን ናሙና ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳሳያት «ምልክታቸው የታለ?» አለችኝ። አገር ቤት ማንበብ የማይችል ሰው ንቡን ወይ ሌላውን ምልክት አይቶ ነበር የሚመርጠው። እዚህ ስምና ፓርቲ ብቻ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ።

አብሬያት ገብቼ ላነብላት እችላለሁ? አንዲት ጎረቤታችን «ማንም አብሮሽ አይገባም፣ ወንጀል ነው» ብላ አስፈራርታታለች። የእማዬ የራሷ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፦ «ማንን እንደመረጥኩ ያውቃሉ ወይ?» የቀበሌ ነገር ከልቧ አልወጣም።

ሰነድ_አዋቂ (አትላንታ) ኦክቶበር 12

እህቴ፣ ግቢ። ጎረቤትሽ ተሳስታለች።

የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ አንቀጽ 208 ይባላል፤ በ1982 ነው የተጨመረው። ዓይኑ የማያይ፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። የማይቻለው አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ አለቃህ አጠገብህ ቆሞ አትመርጥም። ልጅ ግን ይችላል። ጎረቤትም ይችላል። የሚረዳ ሰው የሚሞላው ቅጽ ላይ ስምሽን ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ የምትመርጠው እሷ ናት።

ጎረቤትሽ ግን ዝም ብላ አልፈጠረችውም። እዚሁ ጆርጂያ እስከ 2018 ድረስ በአንዳንድ ምርጫዎች አስተርጓሚው ዘመድ ወይም እዚያው ጣቢያ የተመዘገበ መራጭ ካልሆነ አይገባም ይሉ ነበር። የእስያ ተወላጆች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት አገደው። ወሬው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ለእናትሽ ጥያቄ፦ መዝገቡ ላይ ስሟ መምረጧን ያሳያል። ማንን እንደመረጠች የሚያሳይ ነገር የለም።

ነቄ_ነኝ (ዳላስ) ኦክቶበር 12

ይቅርታ ይደረግልኝና 16 ዓመት አሜሪካ ኖሮ የዕጩ ስም ማንበብ አለመቻል የሕጉ ጥፋት ነው? እኔም ከዜሮ ነው የተማርኩት። ለመምረጥ የአገሩን ቋንቋ ማወቅ ትንሽ ነገር ነው።

የእማዬ_ልጅ ኦክቶበር 12

እማዬ 16ቱንም ዓመት የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ነው ያሳለፈችው። ሦስት ልጅ አስተምራለች። ግብሯን ሳታዛንፍ ከፍላለች። ግብር ሲሰበስቡ «ማንበብ ትችያለሽ?» ያላት የለም።

ጋሽ_ታክሲ (ዋሽንግተን) ኦክቶበር 13

ነቄ፣ ልጄ፣ አትቀየመኝ። ያልከው ነገር እዚህ አገር ታሪክ አለው። ሳታውቀው ነው የተናገርከው።

በ80ዎቹ መጨረሻ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ ወደ ዩኒየን ስቴሽን አድርሼ ነበር። አላባማ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። ለመራጭነት ሊመዘገቡ ሲሄዱ መዝጋቢው የሕገ መንግሥቱን አንድ አንቀጽ አንብበው እንዲያብራሩ ጠየቃቸው። አብራሩ። «አላረካኝም» አላቸው። አስተማሪ እኮ ናቸው! እሳቸውን የሚፈትነው ሰውዬ ራሱ ፊደል መቁጠሩን እንደሚጠራጠሩ እየሳቁ ነገሩኝ። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የማንበብ ፈተና የሚሉት ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በዘር ምክንያት ማንም ከመምረጥ አይከልከል ያለው በ1870 ነበር። ስለዚህ «ጥቁር ስለሆንክ» አይሉህም። «ማንበብህ አላረካኝም» ይሉሃል። ወይም ለመምረጥ ግብር ክፈል ይሉሃል። ሚሲሲፒ ውስጥ ከጥቁሮቹ የተመዘገቡት 6.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመምረጥ መብት ሕጉ ኦገስት 6፣ 1965 ተፈረመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ ተጠጉ። ሰዎቹ በሁለት ዓመት ማንበብ ተምረው አይደለም። ፈታኙ ተነስቶላቸው ነው።

የእማዬ ልጅ፣ እናትሽ «ምልክታቸው የታለ» ማለቷ ደግሞ አስገርሞኛል። አላባማ ውስጥ ላውንድስ የሚባል ካውንቲ አለ። ያኔ ከአምስት ሰው አራቱ ጥቁር ነበር። በ1965 መግቢያ ላይ አንድም የተመዘገበ ጥቁር መራጭ አልነበረም። አንድም! ሕጉ ሲወጣ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። አላባማም ማንበብ የማይችል ሰው ስለሚበዛ ፓርቲ ሁሉ ምልክት ይኑረው ይል ነበር። የስቴቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር፣ ከላዩ «የነጭ የበላይነት» የሚል የተጻፈበት። የላውንድስ ገበሬዎች ጥቁር ነብር መረጡ። ዝነኛው የ«ብላክ ፓንተር» ፓርቲ ጥቁር ነብር ካሊፎርኒያ ሳይደርስ በፊት የአላባማ ገበሬዎች የምርጫ ምልክት ነበር። ኖቬምበር 8፣ 1966 ተወዳደሩ፣ ተሸነፉ። በ1970 ግን ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ሁሌት ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ።

ኖቬምበር 8። የእናትሽ ቀን ነው።

ሽሮ_ፈሰስ (ሲያትል) ኦክቶበር 13

ጋሼ፣ እርስዎ ታክሲ ውስጥ የተሳፈረ ሰው ዲግሪ ይዞ ነው የሚወርደው።

ነቄ_ነኝ ኦክቶበር 13

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ያ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው። እኛ በአውሮፕላን የመጣን ሰዎች ነን። ሁሉን ነገር የእኛ ማድረግ አይከብድም?

ጋሽ_ታክሲ ኦክቶበር 13

በአውሮፕላኑ እንድትሳፈር ማን ፈቀደልህ? በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ። ዛሬ አንድ ሠርግ ላይ ከዚያ በላይ አለን። ኮታውን ያፈረሰው ሕግ የተፈረመው ኦክቶበር 3፣ 1965 ነው። የመምረጥ መብት ሕጉ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ፕሬዚዳንት፣ በዚያው ምክር ቤት። አላባማ ውስጥ ለመምረጥ መብት ተሰልፈው ሰልማ ድልድይ ላይ ዱላ የቀመሱት ሰዎች የከፈቱት በር ነው። እኔም አንተም በዚያው ገባን።

ሰነድ_አዋቂ ኦክቶበር 13

አማርኛው ለምን እንደሌለ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው «አመልክተን ነው የተከለከልነው» ይላል። አይደለም።

በ1975 ያ ሕግ ሲሻሻል ለአንዳንድ ቋንቋዎች ድምፅ መስጫው እንዲተረጎም አስገደደ። በአንድ ካውንቲ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው መራጭ ዜጎች ከ10 ሺህ በላይ ወይም ከ5 በመቶ በላይ ከሆኑ ነው። ሌላም መስፈርት አለው። ነገር ግን ሕጉ የሚቆጥራቸው አራት ወገኖች ናቸው፦ ስፓኒሽ ተናጋሪ፣ የእስያ ተወላጅ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ እና የአላስካ ነባር ሕዝብ። አፍሪካ የለችበትም። እዚህ ጎረቤት ጉዊኔት ካውንቲ በ2016 ማብቂያ በስፓኒሽም እንዲያትም ተገዷል። እኛ ግን ግማሽ ሚሊዮን ብንሆን እንኳ በዚህ ሕግ አንቆጠርም። በ1975 አፍሪካዊ ስደተኛ እንዲህ ይበዛል ብሎ ማን አሰበ።

ካውንቲው በፈቃዱ መተርጎም ግን ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የራሱን የቋንቋ ሕግ አውጥቶ አማርኛን አስገብቷል። የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው።

ለነቄም አንድ ነገር ልበል። መንግሥት ራሱ «በአማርኛ ተፈተኚ፣ ዜጋ ነሽ» ብሏታል። ዜጋ ካደረጋት በኋላ በር ላይ እንግሊዝኛ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?

ሁለት_ፈረቃ (ስቶን ማውንቴን፣ ጆርጂያ) ኦክቶበር 14

ስለ ቋንቋ ብቻ አታውሩ፣ የስም ጉዳይ አለ። በስም ጉዳይ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

ስሜ ሁለት ቃል ነው፤ «ገብረ» እና «እንትን» በሉት። መንጃ ፈቃዴ ላይ ተለያይቷል። የዜግነት ወረቀቴ ላይ ተጋጥሟል። የባንክ ካርዴ ላይ ሁለተኛው ቃል የመሀል ስም ሆኗል። የአባቴ ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም ተብሎ፣ ልጄ የአያቷ ስም ተጠሪ ሆና ቁጭ ብላለች። በ2018 ልመዘገብ ስል «በእንጥልጥል ላይ ነህ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ለካ አንድ ፊደል ወይም ጭረት ካልገጠመ ያንጠለጥሉሃል። ያኔ ጆርጂያ ውስጥ 53 ሺህ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር፤ 70 በመቶው ገደማ ጥቁር። መታወቂያ ይዘህ ሄደህ መምረጥ ትችላለህ ይሉሃል። ደብዳቤውን ያየ ሰው ግን ይሄዳል? እኔ አልሄድኩም። አፈርኩ መሰለኝ። በ2019 ሕጉን አላልተውታል።

የልደት ቀንስ? ከስደተኛ ካምፕ የመጣ ሰው ሁሉ ጃንዋሪ 1 ነው የተወለደው። ስሙ መሐመድ አህመድ፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰው ክላርክስተን ውስጥ ስንት አለ? ኮምፒዩተር «ሁለቱም አንድ ሰው ነው» ቢል ይፈረድበታል?

የእማዬ ልጅ፣ አሁኑኑ የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የእናትሽ ስም ከመንጃ ፈቃዷ ወይም ከመታወቂያዋ ጋር አንድ መሆኑን እዪ።

የእማዬ_ልጅ ኦክቶበር 14

አየሁት። አንድ «ኤች» ጎድላለች። ዛሬ ደውዬ ነገርኳቸው፣ ችግር የለውም መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ አሉኝ። ባትነግረኝ አላይም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ነቄ_ነኝ ኦክቶበር 18

እንግዲህ ይህንንም አንብቡ። ትናንት ጆርጂያ ውስጥ ከምርጫው ቀን ቀድሞ መምረጥ ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ130 ሺህ ሰው በላይ መርጧል። ፕሬዚዳንት ለማይመረጥበት ዓመት እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም። ታዲያ የታለ መከልከሉ? መታወቂያ መጠየቅስ ምን ነውር አለው፣ ስቴቱ በነጻ ይሰጣል። ባንክ ስትሄዱ ትጠየቁ የለም?

ሁለት_ፈረቃ ኦክቶበር 18

መታወቂያው ነጻ ነው። ለእሱ የሚቀርበው ወረቀት ግን ነጻ አይደለም። ከሥራ የምቀርበውስ ቀን? እኔ ቀን መጋዘን፣ ማታ ኡበር ነኝ። በጁን 2020 አትላንታ አካባቢ ሰው ሰዓታት ተሰልፎ ነበር፤ ሰልፉ የሚረዝመው በየትኛው ሰፈር እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ብዙ ሰው መረጠ ማለት እኮ ብዙ ሰው ችሎ መረጠ ማለት ነው።

የምርጫው ቀን ማክሰኞ የሆነውስ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? በ1845 የወጣ ሕግ ነው። ገበሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሰኞ በጋሪ ይጓዛል፣ ማክሰኞ ይመርጣል፣ ረቡዕ ገበያ አለበት። እኔ ጋሪ የለኝም፣ ሺፍት ነው ያለኝ።

ሽሮ_ፈሰስ ኦክቶበር 18

ጆርጂያ በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለተሰለፈ ሰው ውሃ መስጠት ክልክል ነው አሉ። ከድምፅ መስጫው ሕንፃ 150 ጫማ ውስጥ ከሆነ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰነድ_አዋቂ ኦክቶበር 18

ሽሮ፣ ልክ ነህ። አስፈጻሚዎቹ ግን ሰው ራሱ የሚቀዳው ውሃ ማስቀመጥ ይችላሉ። ሰዉ መያዝ ያለበትን ይዞ ይምጣ፤ ውሃም መታወቂያም።

ነቄ ለጠየቀው፦ በ97 አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት የተሰለፈ ሰው ነኝ። ረጅም ሰልፍ ደስ ያሰኘኝ ያኔ ብቻ ነው። እሱም እንዴት እንዳለቀ ታውቃላችሁ፣ አልገባበትም። ረጅም ሰልፍ የሕዝቡን ፍላጎት ያሳያል። የአዘጋጁን ደግነት አያሳይም።

18ኛው_መንገድ (ዋሽንግተን ዲሲ) ኦክቶበር 19

እኔ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነኝ። ትናንት የዲሲ ምክር ቤት ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከንቲባና ለምክር ቤት እንዲመርጥ የሚል ሕግ አጽድቋል። መምረጥ እችላለሁ ማለት ነው?

ሰነድ_አዋቂ ኦክቶበር 19

ወንድሜ፣ ቆይ! ገና ነው። ከንቲባዋም አለች፣ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ኮንግረስም መከልከል ይችላል። ሥራ ላይ ቢውል እንኳ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከመረጠ ወንጀል ነው፣ ያስባርራል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ የሚል ጥያቄ አለ። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቅ። «ሁሉም ሰው ይመዝገብ» ብሎ ወረቀት የሚያስሞላህን በጎ ፈቃደኛም ዜጋ እንዳልሆንክ ንገረው። በዚህ የተበላሸ ፋይል በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪን ለከተማው ያስመርጣል።

ጋሽ_ታክሲ ኦክቶበር 19

እኔ ዜጋ ሆኜ ስንት ዘመኔ፣ ዲሲ ስለምኖር ግን ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥልኝ ሰው የለም። ፕሬዚዳንት መምረጥ እንኳ የተፈቀደልን በ1961 ነው። የመኪናዬ ታርጋ ላይ «ውክልና የሌለው ግብር ይብቃ» ይላል። ተሳፋሪ ሲጠይቀኝ እስከ ኤርፖርት ድረስ አወራዋለሁ።

እና ልጆች፣ በዚህ ወር 4 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰማውን የአላባማ ጉዳይ ተከታተሉ። ከሕዝቡ ሩቡ ጥቁር ነው፤ በ2021 ባወጡት ካርታ ከሰባት የምርጫ ክልል ጥቁሮች የሚበዙበት አንዱ ብቻ ነው። በ2013 ያው ፍርድ ቤት የሕጉን ትልቅ ክንድ ቆርጦታል፤ ድሮ እነዚህ ስቴቶች የምርጫ ደንብ ሲቀይሩ ዋሽንግተንን ማስፈቀድ ነበረባቸው። አሁን ይቀይራሉ፣ አንተ ትከሳለህ።

የእማዬ_ልጅ ኦክቶበር 22

ዛሬ መረጥን! ቅዳሜ ጥቅምት 12 ነው፣ ሚካኤል። እማዬ «ሚካኤልን ስሜ ነው የምሄደው» ስላለች ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድን። ነጠላዋን እንደለበሰች። ሰልፉ 40 ደቂቃ ነበር።

በር ላይ ያሉት ሴትዮ መታወቂያዋን አዩ። «እኔ ነኝ የማነብላት» አልኳቸው። ቅጹን ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ያ ሁሉ ፍርሃት በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ማሽኑ ጋ ስንደርስ እማዬ ክንዴን ያዘችና «አንቺ አንብቢ እንጂ እንዳትመርጪልኝ» አለች። ጣቴን ከስክሪኑ ላይ አነሳሁ። እያንዳንዱን ስም ሁለት ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ የስቴቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄ መጣ፤ በወንጀል የተከሰሰ የስቴት ባለሥልጣን ደሞዙ ይታገድ ወይስ አይታገድ ይላል። ተረጎምኩላት። «እስከ ዛሬ እየከፈሉት ነበር እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወረቀቱ ታትሞ ወጣ፣ ራሷ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ስሟ እንደሌለበት ገልብጣ አየች መጀመሪያ። ማንን እንደመረጠች ለጎረቤታችን አልነገረችም። ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ጠይቃለች።

ነቄ_ነኝ ኦክቶበር 22

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከልቤ ነው። ስለ መታወቂያው ሐሳቤን አልቀየርኩም። ስለ እንግሊዝኛው ግን... እማማን ሰላም በይልኝ።

ሁለት_ፈረቃ ኖቬምበር 9

የእማዬ ልጅ፣ አልቋል ብለሽ እንዳትቀመጪ። ለሴኔቱ ማንም 50 በመቶ አላለፈም። ጆርጂያ ነው፤ ድጋሚ ዙር አለ፣ ዲሴምበር 6።

የእማዬ_ልጅ ኖቬምበር 9

ነገርኳት። «አንዴ መረጥኩ አይደል፣ ጠፋባቸው እንዴ?» አለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ።

ጋሽ_ታክሲ ኖቬምበር 10

ደንቡ ከ1964 የመጣ ነው በያት። የነጮቹ ድምፅ ለብዙ ዕጩ ሲከፋፈል ጥቁሮች በአንድ ሰው ዙሪያ ተሰብስበው እንዳያሸንፉ የፈሩ ሰዎች ናቸው የገፉት። አሁን ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። እኔም ሳስበው ያስቀኛል።

የእማዬ_ልጅ ኖቬምበር 27

በ2021ዱ ሕግ ጊዜውን ወደ አራት ሳምንት ስላሳጠሩት ቀድሞ የሚመረጥበት ቀን ጥቂት ነው። ከታንክስጊቪንግ (ከምስጋና በዓል) ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ይከፈት አይከፈት ብለው ፍርድ ቤት ተካሰው፣ ትናንት በየካውንቲው ፈቃድ ተከፈተ። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ አመለጠን። ረቡዕ አረፍት አለኝ፣ እንሂድ ብላት «ኅዳር ጽዮን ነው፣ የትም አልሄድም» አለች። ለእኛ የቀረን ማክሰኞ ዲሴምበር 6 ራሱ ነው። በእኛ ኅዳር 27፣ መድኃኔዓለም። እሱን ወዳዋለች።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ እኔ 3 ሰዓት ሥራ እገባለሁ። እዚህ አካባቢ ያለ ሰው፣ ካልደረስኩ ሊያነብላት የሚችል አለ? ታነባለህ እንጂ አትመርጥላትም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ሁለት_ፈረቃ ኖቬምበር 27

የሌሊት ሥራዬን 12 ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። አድራሻውን በግል መልእክት ላኪልኝ፣ ከቤት እወስዳታለሁ። ቡና ካለ እሰየው።